ከስድስቱ አራቱ

መርካቶ ውስጥ ስለ ናይጄሪያው ጨዋታ የሚወራውን የሰማ ሰው፣ ያን ቀን ሜዳ ላይ ኳስ የነበረ አይመስለውም። የነበረው ዳኛ ብቻ ነው። ሸራ ተራ ብትሄዱ ዳኛው፣ አውቶቢስ ተራ ሻይ ቤት ብትቀመጡም ዳኛው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ደጃፍ ተመለስን። “ዳኛው በላን” የምትለዋ ወሬ ግን እስከ ዛሬ አላረጀችም።

መነሻ የላትም አልልም። በመጀመሪያው አጋማሽ የሳላዲን ሰይድ ኳስ መስመሩን አልፋለች ብሎ የሚምል ሰው ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ አሁንም አይጠፋም። ያኔ ቫር የሚባል ነገር የለም። የአፍሪካ ዋንጫ እንኳን ቫርን ያየው በፈረንጆቹ 2019፣ ያውም ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ነው። ያቺ ኳስ ግብ ተብላ ብትጸድቅ ጨዋታው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ ይሄ አያከራክርም።

እኔን የሚያበሽቀኝ ክርክሩ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። እስቲ የገባብንን እንቁጠር። መጀመሪያ ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ። የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታ ቢሆንም ካላሸነፍን የምንሰናበትበት ስለነበር ከጥሎ ማለፍ አይለይም። ቪክተር ሞሰስ በ80ኛውና በ90ኛው ደቂቃ አገባ፤ ሁለቱም ፍጹም ቅጣት ምት። አዲስ አበባ ላይ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ በ67ኛው ደቂቃ በጨዋታ፣ በ90ኛው በፍጹም ቅጣት ምት። ካላባር ላይ ሞሰስ በ20ኛው በፍጹም ቅጣት ምት፣ ቪክተር ኦቢና በ82ኛው በቅጣት ምት። አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጨዋታ፣ ስድስት ግብ፤ አራቱ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አንዱ ቅጣት ምት። በጨዋታ የገባብን አንድ ብቻ ነው!

“ይኸው! አራት ፍጹም ቅጣት ምት! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?” ይለኛል የሰፈሬ ሰው። እኔ ደግሞ እዚያው ቁጥር ላይ የማየው ሌላ ነገር ነው። ተመሳሳይ ነገር በሦስት ከተማ ሲደገም፣ ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ባሉት አሥር ሰከንዶች ምን እየሆነ ነበር ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

የሰውነት ቢሻው ዋልያዎች ኳስ መያዝ የሚወዱ፣ በአጭር ቅብብል የሚያጠቁ ልጆች ነበሩ። ሲሳካላቸው ዓይን ያጠግባሉ። ግን እንዲህ ለመጫወት የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት መሄድ አለባቸው፤ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ደግሞ ከኋላ የቀሩት ፊታቸውን ወደ ራሳቸው በር አዙረው ከሞሰስ ወይ ከኢሜኒኬ ጋር ሩጫ ይገጥማሉ። ከኋላ ሆኖ የሚያባርር ተከላካይ 16 ከ50 ውስጥ እግሩን ሲሰድ፣ ዳኛው ባይነፋ ነው የሚገርመው። ከአራቱ ሦስቱ ከ80ኛው ደቂቃ ወዲህ መሆናቸውም በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ እግር ሲዝል ተከላካይ ይዘገያል፣ የዘገየ ሰው ደግሞ ይጠልፋል። “ቁመትና ጉልበት አነሰን” የሚለውን ሰበብ አልገዛም። ቁመት ያነሰው ቡድን መሪነት ሲይዝ ሜዳውን ማጥበብ ይችላል። እኛ በበኃይሉ አሰፋ ግብ በ56ኛው ደቂቃ መራን፣ ከ11 ደቂቃ በኋላ ኢሜኒኬ ከርቀት መትቶ አገባብን። 1 ለ 1 ይዞ ካላባር መሄድና 2 ለ 1 ተሸንፎ መሄድ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። 90ኛው ደቂቃ ላይ እኮ ማጥቃት ግዴታችን አልነበረም።

አሁን ፊሽካው የእኛ ሰው እጅ የነበረበትን ጨዋታ እንይ። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያውንዴ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴኔጋል ከቡርኪና ፋሶ። ዳኛው ባምላክ ተሰማ። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ አንዱ በረኛው ሄርቬ ኮፊ ከኩያቴ ጋር የተጋጨበት፣ ሌላው በእጅ ተነክቷል የተባለበት። ሁለቱንም ምስሉን አይቶ ሻረ። አደባባይ ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜ፣ ሁለት ጊዜ “አይደለም” ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም፤ እኛ ግን ስለ ባምላክ ስንኮራ ከዚህ ይልቅ ዓለም ዋንጫ መመረጡን ነው የምናነሳው።

እኔን የገረመኝ ግን ሴኔጋል ነው። ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ከእጁ የወጣበት ቡድን ዳኛውን ሲከብ አላመሸም። በ70ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት በተነሳ ኳስ አብዱ ዲያሎ፣ በ76ኛው ኢድሪሳ ጌዬ፣ በ87ኛው ሳዲዮ ማኔ፤ 3 ለ 1። ማኔ ያለው ቡድን ትዕግሥት አያንሰውም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማኔ የለንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተመርተን በጭማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ግን ሉቻኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩን። የዚያን ቀን ዳኛ ማን እንደነበረ ሰባተኛ አካባቢ ላሉ ሽማግሌዎች ሁሉ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ግቦቹን በቅደም ተከተል ይቆጥሩልኛል፤ ዳኛውን ግን አንድም የሚያስታውስ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ሳስረዳ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ “አንተ ደግሞ ናይጄሪያዊ ነህ እንዴ?”