«ፀሐይ» እና ያልተሠራችው ሁለተኛ አይሮፕላን

«ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከኢጣልያ ከተመለሰች ወዲህ ስለ እርስዋ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። አብዛኛው የደስታ ቃል ነው፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወረራው ባይደርስብን ኖሮ ዛሬ አይሮፕላን ሠሪዎች በሆንን ነበር የሚለውን አሳብ ሳይመረምሩ መቀበል ለተማሪ የሚገባ አይመስለኝም።

አይሮፕላኒቱ በአዲስ አበባ ተሠርታ ያለቀችው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፥ በ1928 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የመራው የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ሲሆን፥ አብረውት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተሰየመችው በልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ሞተሩ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፥ ከቼኮስሎቫኪያ የመጣ ቫልተር ቬኑስ ነው። ይህን መናገር ውርደት የለበትም፤ በዚያ ዘመን ሞተር ከሌላ አገር ገዝቶ አካሉን መሥራት በአውሮፓም የተለመደ ነበር። በዚያው ዓመት ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ አይሮፕላኒቱም ተማርካ ተወሰደች።

ሥራውን ያቋረጠው ወረራው መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ተመልሷል። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው በቲ.ደብልዩ.ኤ. እርዳታ፥ በአሜሪካ ሠራሽ አይሮፕላኖች ነው። አገሪቱ ማብረርንና መጠገንን መረጠች። ምርጫው ብልህ ነበር እላለሁ፤ ግን ምርጫ ነው፥ በጠላት ብቻ የሚሳበብ አይደለም።

የእንግሊዙ ጃጓር ኩባንያ በ1966 እ.ኤ.አ. ኤክስ ጄ 13 የተባለች እጅግ ፈጣን የእሽቅድምድም መኪና አንዲት ብቻ ሠርቶ ተዋት። ኩባንያው ብዙ አልጎደለበትም፤ ሠራተኞቹ የሚመለሱበት ሌላ መኪና ነበራቸው። የ«ፀሐይ» ሠራተኞች ግን የሚመለሱበት ፋብሪካ አልነበረም። በዱቦ ገበያ የሚሸጠው ማረሻ እንኳ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚኖረው፥ የቀጥቃጩ ልጅ ወናፉን እየነፋ ሥራውን ስለሚማር ነው። (ቀጥቃጭን በወላይታም ሆነ በሌላው አገር ስንንቅ ኖረን፥ አይሮፕላን አልሠራንም ብለን መቆጨታችን ይገርመኛል።)

ስለዚህ አይሮፕላኒቱ ለሕዝብ ስትታይ ከውጭ የመጣው ክፍልና እዚህ የተሠራው ተለይቶ ይጻፍ። በአብዛኛው የሚነሣው የቬበር ስም ብቻ ነውና፥ የኢትዮጵያውያኑ ሠራተኞች ድርሻም ከስሙ አጠገብ ይቀመጥ። የምሕንድስና ተማሪዎችም ልኳን ወስደው ንድፏን እንዲያነሡ ይፈቀድላቸው።