አምቢሶም ሲበጠበጥ

ከአብርሃ ጅራ እስከ አብዱራፊ ባለው የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ፣ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የወረደ ወጣት በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ፣ ግራር ሥር ያድራል። የአሸዋ ዝንብ እዚያ ትነክሰዋለች። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፤ ይከሳል፤ ግራ ጎኑ ይነፋል። ካላዛር ነው።

ለምርመራ ሲመጣ፣ ነርሷ ጣፊያውን ለመፈለግ ከጎድን አጥንቱ ሥር አትጀምርም። ከታች፣ ከቀኝ ብሽሽቱ በላይ ትነሳለች። ከላይ ብትጀምር እጇ ባበጠው ጣፊያ ላይ ያርፍና ጠርዙ ያመልጣታል። ያበጠ ጣፊያ ሊቀደድ ስለሚችል አትጫንም። አየር ሳብ ሲያደርግ ጣፊያው ወርዶ ጣቷን ይነካል። ያንን ቦታ በእስክርቢቶ ታሰምራለች፤ እስከ ጎድን አጥንቱ ጠርዝ በሜትር ትለካለች።

ወጣቱ ኤችአይቪም አለበት። ካላዛር ከኤችአይቪ ጋር ሲገናኝ አምቢሶም የተባለው መድኃኒት በደም ሥር፣ ሚልቴፎሲን የተባለው በአፍ ይሰጣል። ቅንጅቱ የተፈተነው እዚሁ አብዱራፊና ጎንደር ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ መከረው።

አንድ የአምቢሶም ብልቃጥ 50 ሚሊግራም ቢጫ ዱቄት ይይዛል። በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲታሰብ ለ50 ኪሎ ሰው በአንድ ቀን 5 ብልቃጥ ይከፈታል። በሚያዝያ ውጭው ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ብልቃጡ ግን ከ25 በላይ ሙቀት አይወድም። በእያንዳንዱ 12 ሚሊሊትር የመርፌ ውሃ ይገባል፤ ወዲያው በኃይል ይናወጣል፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ። መድኃኒቱ በረቂቅ የስብ ኳሶች ውስጥ ስለተቀመጠ ለዘብ ያለ ማነቃነቅ አይበቃውም። ነርሷ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ታነሳለች። ያልሟሟ ቅንጣት ካየች እንደገና ትንጠዋለች። 62.5 ሚሊሊትሩ በ5 ማይክሮን ማጣሪያ አልፎ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ይገባል።

ኖርማል ሳላይን አምቢሶምን ያዘቅጠዋል። ስለዚህ በካኑላው ቀደም ሲል ሳላይን ካለፈ፣ መስመሩን በግሉኮስ ታጥባለች። ከሥራው ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህን እጥበት ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፣ በሽተኛው አያውቀውም፣ ቢዘለል ግን የቀደመው ልፋት በቱቦው ውስጥ ይበላሻል።

በመጀመሪያው ቀን 1 ሚሊግራም ብቻ በ10 ደቂቃ ይገባል። ይቆማል። ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ሆና ትጠብቃለች፦ ትንፋሹን፣ ደረቱን፣ ወገቡን አመመው እንደሆነ። ከዚያ ቀሪው ይቀጥላል። አንድ ቀን እየተዘለለ 6 ጊዜ ይሰጠዋል፤ በድምሩ 30 ብልቃጥ።

እናቱ ደጋ ናት። የምትደውለው ነርሷ ናት፤ መጀመሪያ ግን ምን እንዲነገር እንደሚፈቅድ እሱን ለብቻው ትጠይቀዋለች። «እናቴ፣ ልጅዎ ካላዛር ይዞታል፤ መድኃኒት ጀምሯል። 28 ቀን እኛ ጋ ይቆያል።» አስታማሚው አብሮት ሲያጭድ የነበረ ጓደኛው ነው። ስለ ኤችአይቪው ለእሱም አንድ ቃል አይወጣትም። ሚልቴፎሲኑን ግን ታሳየዋለች፦ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር። ከዚያ መልሶ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሲስተር።»

«ምግብ ካልበላስ?»