ሜዳውስ የማን ነው?

ዕድሜውን አሜሪካ የጨረሰ ወዳጄ፣ ፈረስ ላረባበት ገዛሁ ያለውን መሬት ሊያሳየኝ ሱሉልታ ወሰደኝ። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!» አለ እየሳቀ። ፈረሱስ እሺ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ወዳጄ በእጁ ያለው ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ነው። ፓስፖርቱ የአሜሪካ ስለሆነ በሕግ ፊት እንግዳ መሆኑንም ዘንግቶታል። ቨርጂኒያ ቢሆን ጠበቃ ሳያማክር አንዲት አጥር አያቆምም ነበር፤ እዚህ ሲደርስ «አገሬ አይደል እንዴ!» ነው መልሱ። በኪራይ ለምን አልያዝከውም ብለው፣ «ጣጣው ብዙ ነው» አለኝ።

እኔን የከነከነኝ ግን ገበሬው ነው። ብሩ ቆርቆሮ ሆኖ አለቀ፤ እሱ በገዛ ግጦሹ ላይ የፈረስ ዘበኛ ሆኗል። ስንወጣ በሩን ከፍቶ ወደ መኪናው ጠጋ አለ።

«ጌታው፣ የኔንም በቅሎ አንዳንዴ ላስገባት?»

ወዳጄ «እናያለን» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።