የውል ሕግ ትምህርት በቡና አገር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ ውል የሚጸናበትን መሠረት በቁጥር 1678 ያስቀምጣል፤ ይኸውም ችሎታ፣ ጉድለት የሌለው ፈቃድ፣ የሚቻልና ሕጋዊ ጉዳይ፣ በሕግ ሲታዘዝም ፎርም ነው። አደራደሩ ለሕግ አውጪ ያማረ ነው፤ ተማሪን ግን ያሳስታል።

በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ አካባቢ ማንበብ የማይችል ገበሬ በክረምት ችግር ተገዶ፣ ገና ያልቀላ ቡናውን በርካሽ ሸጦ በወረቀት ላይ ጣቱን ቢያትም፣ ጥያቄው የፈቃድ ነው ወይስ የፎርም? ቁጥር 1710 የጥቅም መበላለጥ ብቻውን ውልን እንደማያፈርስ ይደነግጋል፤ ችግርን ወይም የንግድ ልምድ ማጣትን መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ግን፣ ፍትሕ ሲያስገድድ፣ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ቁጥር 1728 ደግሞ ያልተማረ ሰው አሻራ በዳኛ፣ በመዝጋቢ ወይም በውል አዋዋይ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሁለቱም ያንኑ ገበሬ ይጠብቃሉ፤ በመካከላቸው ግን 17 ቁጥሮች ገብተዋል። ሕጉን በተራ ቁጥሩ ብቻ የሚከተል ትምህርት አያገናኛቸውም። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለሚማር ሰው ግን ጉዳዩ ከደጁ ነው።

የአሻራው መውደቅ ገዢውን ባዶ እጁን አያስቀረውም፤ የቡና ሽያጭ፣ ተዋዋዮቹ በጽሑፍ እንዲሆን ካልተስማሙ በቀር፣ በቁጥር 1719 መሠረት ልዩ ፎርም ስለማያሻው በምስክር ሊያስረዳ ይችላል። ያን ጊዜ ለገበሬው የሚቀረው 1710 ነው፤ ያውም ክሱ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ከቀረበ ነው። ይህ ገደብ የተጻፈው ከ100 ቁጥሮች በኋላ፣ በ1810 ነው።