ነጥቡን በገዛ እጁ ስለሚጽፍ ተማሪ

በአሜሪካ አገር ያሉ ብዙ ኮሌጆች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ልማድ አጽንተዋል። ተማሪ ለመግባት ሲያመለክት የፈተናውን ውጤት ፈታኙ ድርጅት እስኪልክለት አይጠብቅም፤ በማመልከቻው ላይ ራሱ ይሞላዋል። ስንት እንዳገኘ፥ በየትኛው ቀን እንደ ተፈተነ ይጽፍና «ይህ ሁሉ እውነት ነው» ብሎ ይፈርማል። ማስረጃው የሚጠየቀው ከተቀበሉት በኋላ ነው። ስሙ በዓለም የታወቀው ኤም አይ ቲ እንኳ እንዲሁ ያደርጋል። የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲም፥ ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን ፈተና ለመቀበያ መመልከት ከነጭራሹ ቢተውም፥ የክፍሉን ማርክ ግን ተማሪው ራሱ እንዲጽፍ ያዛል።

ልማዱ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነው። በእኛ ዘንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነጥቡን ለዩኒቨርሲቲ አይናገርም። ፈታኙም መዳቢውም መንግሥት ስለ ሆነ ውጤቱ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ያልፋል፤ ባለቤቱ በመለያ ቁጥሩ ገብቶ እንደ ተመልካች ያየዋል። ከዚህ የወጣ ጉዳይ ሲገጥመው ደግሞ ማኅተም ይጠየቃል። ክብ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት በቢሮአችን ወረቀት አይባልም። ስለዚህ አንድ ወጣት «ነጥብህን አንተው ጻፍ» የሚል መስመር ባየ ጊዜ፥ ወይ «እነዚህ ሰዎች ሞኞች ናቸው» ይላል፥ ወይ «ምንኛ ደጎች ናቸው» ይላል። ሁለቱም አልተገናኘም።

ሞኞች አይደሉም። ተማሪው የጻፈውና ማስረጃው ካልተስማሙ የተሰጠው ቦታ ይነሣበታል፤ ገብቶ መማር ከጀመረ በኋላ ቢታወቅበትም መባረር ይከተላል። ቆጣሪው ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም። ደጎች ናቸው የሚለውም ሚዛን አይደፋም። ከብዙ ሺህ አመልካቾች መካከል የተቀበሏቸውን ብቻ መመርመር ሥራ ያቀልላቸዋል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ድኻው ተማሪ እውነተኛ ጥቅም ማግኘቱን አለመናገር ግፍ ነው። ውጤትን በፈታኙ ድርጅት በኩል ማስላክ ለአንድ ኮሌጅ ከ10 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ለአሥር ኮሌጅ ሲሆን ከመቶ ዶላር ያልፋል። ይህን ገንዘብ በብር መንዝረህ የአንድ ገበሬ ቤት ስንት ወር እንደሚያኖር አስበው።

«ማኅተም ካልታየ ማን ይታመናል?» ለሚለው ደግሞ ማኅተሙ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንጠይቀው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ገና ሳይሰጥ በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ ተገኘና ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ቢሰጥ፥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ከዚያ በፊት የታደለው ባለ ማኅተም ነጥብ ምን ያህሉ የተማሪው የራሱ እንደ ነበር ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተጠራጠረ። አሜሪካም ከዚህ አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተገለጠው የዊልያም ሲንገር ጉዳይ፥ ባለጠጎች ወላጆች ገንዘብ እየከፈሉ የልጆቻቸውን መልስ ሌላ ሰው እንዲያርመው ያደርጉ ነበር። ውጤቱ ወደ ኮሌጁ የሄደው በሕጋዊው መንገድ ነው፤ ማኅተሙም ትክክለኛ ነበር፤ ውሸት የሆነው ቁጥሩ ነው።

እኔ በዚህ ልማድ ላይ የምነቅፈው ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ ኮሌጆች ተማሪው ሦስት ጊዜ ተፈትኖ እንደ ሆነ የሚበልጠውን ብቻ እንዲጽፍ ይፈቅዱለታል፤ አንዳንዶቹም ነጥቡ ዝቅ ካለ ጨርሶ እንዳይጽፍ ይተዉታል። እንግዲህ ዝም ማለት ውሸት ነውን? ጠያቂው «የሚበልጠውን ንገረኝ» ብሎ ከጠየቀ የሚበልጠውን መንገር ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ የሚፈተነው ማን ነው? የመፈተኛ ገንዘብ ያለው፥ ፈተናው የሚሰጥበት ከተማ የሚኖር ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ አዲስ አበባ ሄዶ የሚፈተን ልጅ አንድ ጊዜ ከሆነለትም ተመስገን ይላል። ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የተፈተንከውን ሁሉ አምጣ ማለቱ ብዙ ወጣቶችን ያስቆጣል፤ በእኔ ግምት ግን አንድ ጊዜ ለተፈተነ ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያደላ ሕግ ነው።

አሁን በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለችውን ወንዛዬን እናስባት። ሰው ለፍል ውኃዋ ብሎ ከሩቅ ይመጣባታል። ሕመምተኛው ሕመሙን ራሱ ይናገራል፤ ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም። ከዚያ አካባቢ አንድ ጎበዝ ልጅ ተነሥቶ ውጭ አገር ቢያመለክት ምን ይገጥመዋል? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መዝገብ ቤቱ የተቆለፈበት ልጅ ማርኩን በልቡ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ግን የለውም። ለእንዲህ ያለው «አንተው ጻፍ» መባል እንደ ተከፈተ በር ነው።

በሩ የሚዘጋው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ግቢ አስቀድሞ የተቀበላቸውን 500 ያህል ተማሪዎች ሰረዘ፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት የተሰረዙት ከትምህርት ማስረጃ ወረቀታቸው ጋራ በተያያዘ ጉዳይ ነበር። ጩኸት በተነሣ ጊዜ የግቢው ሹም ይቅርታ ጠይቆ አብዛኞቹን መለሰ። እነዚያ ልጆች የሚጮኽላቸው ጋዜጣና ጠበቃ ነበራቸው፤ የወንዛዬው ልጅ ግን ማንም የለውም። ይኸው ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻውን ማስረጃ የሚጠብቀው እስከ ጁላይ 1፥ ማለትም እስከ ሰኔ 24 ድረስ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና የተሰጠው በሐምሌ ሲሆን ውጤቱ የወጣው በጳጉሜን ነው። አመልካቹን በቃሉ ያመነ ኮሌጅ፥ ማስረጃውን በሚጠይቅበት ቀን ይህን የቀን መቁጠሪያ ሊያየው ይገባ ነበር። የሚሻለው ሁለት ወር ጨምሮ መጠበቅ ነው፤ ወይም ስለ ልጁ ውጤት ለፈታኙ መሥሪያ ቤት በቀጥታ ጽፎ መጠየቅ። ክረምት ገብቶ ጉማራ በሞላበት ወራት፥ የተዘጋ ትምህርት ቤት ጸሓፊን ፈልጎ ማኅተም እንዲያስመታ የሚታዘዘው ግን ልጁ ነው።