ሊቀመንበሩ የት ሄደ?

የዳዊት ወልደ ጊዮርጊስን «የደም ዕንባ» ያነበበ ሰው ስለ ላይኛው ቤት ብዙ ያውቃል። ጸሐፊው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽነር ነበሩና፣ ወገን በረሀብ እያለቀ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት እንዴት በፌሽታ እንደተከበረ ከቅርብ ሆነው ነግረውናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ትልቅ ምስክርነት ነበር፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ነገር ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ሰው ይጎድለኛል፤ ሊቀመንበሩ። ትልቁን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ በግንቦት 1983 ወደ ዚምባብዌ መሄዱን አገር ያውቃል። የኔው ሰው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ጋምቤላ ተጓጓዘ። ወዶ የሄደ ነበር፤ እህል ይታደላል ተብሎ ወጥቶ መኪና ላይ የተጫነም ነበር። ኮታው ከላይ በቁጥር ወረደ። ወገል ጤና ካለችበት የደላንታ ደጋ ሲደርስ ግን እገሌ የእገሌ ልጅ ሆነ። ያንን ስም የሚጽፈው ማን ነው?

እዚህ ላይ ምሁሮቻችን የሚወዷት የሚልግራም ሙከራ ትጠቀሳለች። በአሜሪካ ከ40 ሰዎች 26ቱ «ቀጥል» ስለተባሉ ብቻ፣ በዓይናቸው ለማያዩት ሰው እስከ 450 ቮልት ለቀቁ (ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር)። ተጎጂው አጠገባቸው ሲቀመጥ ግን የታዛዡ ቁጥር ቀነሰ። ታዲያ የኛ ሊቀመንበር የሚጽፈው አብሮት ደቦ የወጣውን፣ በሰንበቴ አብሮት የጠጣውን፣ ልጁን ክርስትና ያነሳለትን ነው። ቅርበቱ ለምን አላዳነም?

እኔ መልሱን ከመሬቱ እፈልገዋለሁ። ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት የሚደለድለው ማኅበሩ ነበር፤ የተጫነው ሰው ማሳ ለድልድል ይቀርባል። ኮታው ካልሞላ ደግሞ የራሱ የሊቀመንበሩ ስም አለ። ፍርሃትና ማሳ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ፣ የቆየ የድንበር ጠብ «አብዮታዊ ግዴታ» የሚል ስም ያገኛል።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጤዛ» ወደዚህ ሰው ይጠጋል፤ የመንደሩን ልጆች ለጦርነት የሚያሳድዱትን ያሳየናል። ካሜራው ግን ቶሎ ወደ አንበርብር፣ ወደ ተማረው ሰው ቁስል ይመለሳል። የተማረ ሰው ስለራሱ ማልቀስ ይቀናዋል መሰለኝ።

ከ1983 በኋላ ከሰፈራው ብዙዎች ወደ ወሎ ተመለሱ። ማሳቸው በሌላ እጅ ነበር፤ ስማቸውን የጻፈውም እዚያው ነበር። ሁለቱ በአንድ ለቅሶ ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ሲገናኙ ምን ተባባሉ? ይህን የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ፣ መጽሐፉን ተበድሬም ቢሆን እገዛለሁ።