ልብና ኩላሊት መርማሪው

በእኛ አገር አነጋገር «ልብና ኩላሊት መርማሪ» አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እግዜር። አሁን ግን ኩላሊት የሚመረምር የሰው ልጅም መጥቷል። ነጭ ጋወን ለብሶ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። ጥፋታችን መመርመሩን ስንሰጠው መፍረዱንም አብረን ማሸከማችን ነው። ይህን የተረዳሁት ደግሞ ሰውየውን ክፉኛ ካማሁት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶንጎ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ መጥተው ባምባሲ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። አንዳንዱ አንባቢ ስሟን የሚያስታውሰው በጥር 2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች መጠለያቸውን ጥለው በሸሹ ጊዜ ይሆናል። እኔ የማስታውሳት ግን በአንድ ሰው ነው። ለሥራ ሄጄ ማደሪያ ባጣሁ ጊዜ ሁለት ሌሊት ቤቱ አሳድሮኝ፣ ስሸኝ ደግሞ አንድ ከረጢት ማንጎ ያሸከመኝ ወዳጄ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ስልክ ደወለ። «እግሬ አበጠ፣ ምግብ አልበላ አለኝ። አሶሳ ሄጄ ነበር፣ አዲስ አበባ ሂድ አሉኝ» አለኝ። ከአሶሳ ወዲህ ያለው መንገድ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታናሽ ወንድሙ ደግፎት መጣ። አንድ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ተራችን ደርሶ ገባን። ወጣቱ ሐኪም የላቦራቶሪውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

«ብር ይዛችኋል?» አለን።

ደሜ ፈላ። «ዶክተር፣ መጀመሪያ ምን እንዳመመው ቢነግሩን» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን በጨዋ ደንብ።

«ሁለቱም ኩላሊትዎ ሥራ አቁሟል» አለ ወደ ወዳጄ ዞሮ። «እጥበት ያስፈልግዎታል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፤ ካልሆነም ሁለት።»

«እስከ መቼ?»

«ንቅለ ተከላ ካላገኙ፣ ሁልጊዜ።»

ወዳጄ ጥቂት ዝም ብሎ ወንድሙን በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው። ወንድሙ ለእኛ ተረጎመልን፤ «አንዱ እጥበት ስንት ፍየል ይሆናል? ነው የሚለው።» ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ወረቀቱን አስቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ግን «ሰለቸኝ፣ ውጡልኝ» ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ለዚሁ ዓምድ የሚሆን ጽሑፍ ጀመርኩ። «ልብ የሌለው የኩላሊት ሐኪም» የሚል ርእስ ሁሉ አውጥቼለት ነበር።

ወዳጄ ሦስት ሳምንት ታጠበ። ፍየሎቹ ተሸጡ፤ የወንድሙ በሬም ተከተለ። አንድ ጠዋት ጫማውን አድርጎ ጠበቀኝና «አገሬ እገባለሁ» አለኝ። «እኔ ብሞት ልጆቼ አንድ ጊዜ ነው የሚያጡት። ከብቱን ጨርሼ ብሞት ግን ሁለት ጊዜ ነው።» ልከራከረው አፌን ከፈትኩና ምንም የምለው አጣሁ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የቀሩትን ወረቀቶች ልወስድ ስሄድ ያ ሐኪም ደረጃው ላይ አገኘኝ። ረስቶኛል ብዬ ላልፈው ስል፣ «የቶንጎው ሰውዬስ?» አለኝ።

«አገሩ ገባ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «ብር የጠየቅኳችሁ ለዚህ ነበር» አለ። «ጀምሮ ማቋረጥ ከሁሉም ይከፋል። ቤት ይሸጣል፣ ልጅ ከትምህርት ይወጣል፣ ከዚያ በሦስተኛው ወር ሰውዬው ይሞታል። እኔ አስቀድሜ ካልጠየቅኩ ማን ይጠይቅላቸው? ደግሞ በቀን ስንቱን ነው የምጠይቀው? አሁን አሁን ፊታቸውን ባላይ እመርጣለሁ። ወረቀቱን ብቻ ነው የማየው።»

የጀመርኩትን ጽሑፍ ቀደድኩት።

ፈረንጆቹ ይህን በሽታ መሰል ነገር በርንአውት ይሉታል፤ እኛ መዛል እንበለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ሰው ነው በጽሑፍ ያስተዋወቀው። በኋላ ክርስቲና ማስላክ የምትባል ተመራማሪ ምልክቶቹን ሦስት አድርጋ ዘረዘረቻቸው፤ መንፈስ ተሟጥጦ ማለቅ፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየት፣ «የምሠራው ሁሉ ምን ዋጋ አለው» ማለት። «ወረቀቱን ብቻ ነው የማየው» ያለኝ ሐኪም ሁለተኛውን ምልክት በራሱ አንደበት ነግሮኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው ደግሞ ይህ ነገር ከሥራ የሚመነጭ ክስተት እንጂ በራሱ ሕመም አይደለም። ስለዚህ «ትንሽ ዕረፍት ውሰድ፣ ስፖርት ሥራ» የሚለው ምክር በጎ ቢሆንም ነገሩን ከሥሩ አይነካውም።

የሥራ ብዛትስ? እሱማ አለ። ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ደረጃ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 12 ያህል የኩላሊት ሐኪም ሲኖር፣ በድሃ አገሮች ያለው 0.2 ነው። ለአምስት ሚሊዮን ሰው አንድ ሐኪም ማለት ነው! ግን የዛለውን ሰው በቅርብ ሳየው፣ ያዛለው የሰዓቱ ርዝመት ብቻ አልመሰለኝም። ያዛለው «አይሆንም» የማለት ሥራ ነው። ያንን ደግሞ ሌሎች አገሮች ለአንድ ሰው ብቻ አልተዉትም።

በአሜሪካዋ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ሆነ። ሐኪሞቹ «ማን ይዳን የሚለውን እኛ ልንወስን አንችልም» አሉ። ከልዩ ልዩ ሙያ የተውጣጡ የከተማው ሰዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ላይፍ መጽሔት በ1962 ጉዳዩን ሲያወጣው አገር ጉድ አለ። ኮሚቴው አድልዎ አላጣውም፤ ቢሆንም ፍርዱ አደባባይ ወጣ፣ ሕዝብ ተነጋገረበት። በ1972 የወጣ ሕግ የእጥበቱን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ።

«እነሱማ ሀብታም ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ራሳችን አህጉር እንምጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱብራሞኒ የተባለ በሽተኛ በደርባን የመንግሥት ሆስፒታል እጥበት ሲከለከል ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በኅዳር ወር 1997 እ.ኤ.አ. ተፈረደበት። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። መራራ ነው። ግን እዚያ «አይሆንም» ያለው በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ ነው፤ መመሪያውም በዳኞች ፊት ቆሞ ተሟግቷል። የተረኛው ሐኪም የግል ኃጢአት አልሆነም።

እኛ ጋስ? በ2005 ዓ.ም. የወጣውን የማኅበራዊ ጤና መድኅን ደንብ ቁጥር 271 ገልጣችሁ አንብቡ። ከሽፋን ውጭ ከተደረጉት መካከል የአካል ክፍል ንቅለ ተከላና፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ የኩላሊት እጥበት ይገኙበታል። አገር በድህነቷ ምክንያት ይህን ብትወስን ሊገባኝ ይችላል። ያልገባኝ፣ ወረቀቱ የጻፈውን «አይሆንም» በሽተኛው ዓይን ውስጥ እያየ የሚናገረው አንድ የደከመው ልጅ ብቻ መሆኑ ነው። ደንብ አውጪውን የሚያማው የለም። የሚታማው ሐኪሙ ነው፤ ከሚያሙት አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ይህን ስል የተሠራውን መካዴ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግን እኛ ሐኪሙን የምናውቀው በሁለት መልኩ ብቻ ነው፤ ወይ ጀግና ነው፣ ወይ ጨካኝ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ አልበቃንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ትናንት «ጀግኖቻችን» ሲል የነበረው ስንቱ ነው «ሐኪም እንዴት በሽተኛ ጥሎ ይወጣል?» ያለው! ሙገሳ ደመወዝ አይሆንም። ደመወዙ ቢስተካከል እንኳ፣ እሱም መስተካከል አለበት፣ ያ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል፤ ብር ይዛችኋል?

እኔ የምለው ይኼ ነው። «አይሆንም» ማለት ግድ ከሆነ፣ ቃሉ የሁላችን ይሁን። ማን ቀድሞ እንደሚታጠብ፣ በምን መስፈርት እንደሆነ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ነርሱም፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውም፣ የሕዝብ ተወካዩም ያሉበት ቡድን ይሁን። በቴሌቪዥን እያለቀስን የምናዋጣው ብር መልካም ነው፤ የሚደርሰው ግን ፎቶው ለታየለት ሰው ነው። የቶንጎ ሰው ፎቶ ማን ያወጣለታል? ከዚያ በፊት ደግሞ ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። የደም ግፊት መለኪያና የሽንት መመርመሪያ ወረቀት በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ ቢገኝ፣ ወደዚያ ጠረጴዛ የሚደርሰው ሰው ይቀንሳል።

ወዳጄ አገሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ወንድሙ ደወለልኝ። መርዶውን እንደሰማሁ ለሐኪሙ ልንገረው ብዬ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል አየሁት። ፊቱ አንዲት ሴትዮ ከልጇ ጋር ቆማለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ያነባል። ተመለስኩ። እኔ መመለስ እችል ነበር።